የተከራዮቹ ስም ዝርዝር ለምን አይጻፍም?



ባለፈው ወር በተደረገው ጠቅላላ ስብሰባችን የሌሊት ጥበቃዎች ደመወዝና ከመንገዱ ዳር የተደፈነው የጎርፍ ቦይ ጉዳይ ካለቀ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሊነሣ ሲል፣ ከአባሎቻችን አንዱ እጃቸውን አውጥተው ሐሳብ አቀረቡ። ይኸውም በየግቢያችን ተከራይተው ከሚኖሩት መካከል ወረቀት የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች ስላሉ፣ ማኅበሩ ቤት ለቤት ዞሮ የእነሱንና የአከራዮቻቸውን ስም መዝግቦ ለፖሊስ ጣቢያ ይስጥ፤ ፖሊስም ለኢሚግሬሽን ያስተላልፍ የሚል ነበር። ብዙ ሰው አጨበጨበ። ጥቂቱ ሰው መሬት መሬቱን አየ። በመምሸቱም ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

እነሆ ያ ስብሰባ ደርሷል። እኛም የዚህ ሰሌዳ አዘጋጆች ሐሳባችንን ሳንሸፋፍን ለመግለጽ እንወዳለን። ዝርዝሩ መጻፍ የለበትም እንላለን። የማይስማማ አባል መልሱን ጽፎ ቢያመጣልን አንዲት ቃል ሳንቀንስ ከዚሁ ጎን እንለጥፍለታለን።

በቅድሚያ ሐሳቡን ያቀረቡት አባላችን ክፉ ሰው አለመሆናቸውን መናገር ይገባል። በሰፈራችን ሌብነት በዝቷል፤ ይህ ሐሰት አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ አሥርና አሥራ አምስት ወጣት አጭቀው በሌሊት የሚያስወጡ ደላሎች መኖራቸውም ሐሰት አይደለም። ወደ ሞጆ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ከዚያም ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ የሚያልፈው በእኛ ደጅ ነው። ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። አባላችን የሦስት ሴት ልጆች አባት ናቸው፤ ቢሰጉ አይፈረድባቸውም። የምንለያየው በስጋታቸው አይደለም፤ ባመጡት መድኃኒት ነው።

እንግዲህ ሥራው የማን እንደሆነ እንመልከት። በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት ስለ ኢሚግሬሽን፣ ስለ ፓስፖርት፣ ወደ አገር ስለ መግባትና ስለ መውጣት፣ እንዲሁም ስለ ስደተኞችና ስለ ጥገኝነት ያለውን ጉዳይ በሙሉ በአንቀጽ 51 ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። ለዚህም ሁለት መሥሪያ ቤቶች አሉ። አንደኛው የኢሚግሬሽንና የዜግነት አገልግሎት ነው፤ ሁለተኛው የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ነው። ፖሊስም በሕግ ሲታዘዝ ያግዛቸዋል፤ ይህን ማንም አይከለክልም፤ እኛም አንከለክልም። ጥያቄው ሌላ ነው። የሰፈር ማኅበር፣ የእድር ዳኛ፣ ዱላ ይዞ የሚያድር ዘበኛ፣ በነጻ ፈቃዱ የሚዞር የሰላም ሠራዊት አባል፣ እነዚህ ሁሉ የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ናቸው ወይ? ነው ጥያቄው።

አንድ የደረሰ ነገር እንንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በምትገባው ጨለማ መንገድ ላይ አንዲት ተከራይ ልጅ ከሥራ ስትመለስ ሁለት ጎረምሶች ቦርሳዋንና ስልኳን ነጠቋት። እጇንም በስለት ጫር አደረጉባት። አከራይዋ እናታችን ቁስሉን አጥበው፣ አስረው፣ ቡና አጠጥተው «ነይ ልጄ፣ ጣቢያ ሄደን እናመልክት» ቢሏት፣ «እትዬ ይቅርብኝ፤ ስልኬን እፈልጋለሁ ብዬ ራሴን ላጣ ነው» አለቻቸው። ልጅቱ ኤርትራዊት ናት። የስደተኛ መታወቂያ ነበራት፤ ጊዜው አልፎበታል፤ ለማሳደስ ስትመላለስ ከርማለች። ነጣቂዎቹን ግን በመልክ ለይታ ታውቃቸዋለች፤ አንደኛው ጥርሱ የተሰበረ ነው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የአንድ አባላችን ሱቅ ተሰበረ። ዘይቱም፣ ስኳሩም፣ የመሳቢያው ገንዘብም ሄደ። የዚያን ሌሊት ዘበኛ ሲሮጡ ያያቸው ሁለት ጎረምሶች ነበሩ፤ አንዱ ጥርሱ የተሰበረ። ታዲያ ልጅቱ በመጀመሪያው ቀን ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ሰጥታ ቢሆን ኖሮ የሱቁ ባለቤት ዛሬ ዕዳ ውስጥ ይገባ ነበር? እኛ እንጃ። ነገር ግን ፖሊስን የሚፈራ ምስክር ባለበት ሰፈር ሌባ ተዝናንቶ እንደሚያድር ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም። ዝርዝሩ የተጻፈ ዕለት እንደዚህች ልጅ ያሉት ሁሉ አፋቸውን ይዘጋሉ። ባሏ የሚደበድባት ዝም ትላለች። ደመወዙን የተከለከለው ዝም ይላል። ደላላው በክፍል ውስጥ የቆለፈባቸውም ዝም ይላሉ፤ ደላላው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ነገር ሕጉ የፖሊስ ጣቢያን ያስቀመጠው ለተቃራኒው ሥራ መሆኑ ነው። በ2011 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ማመልከቻውን ለስደተኞች መሥሪያ ቤት፣ አለዚያም በቅርቡ ላለው ፖሊስ ጣቢያ ማቅረብ እንዲችል ያደርጋል፤ ጣቢያውም ለሚመለከተው ያስተላልፋል። ስደት ያሳድደኛል ብሎ ወደሸሸበት አገር ማንንም በግድ መመለስ ክልክል መሆኑንም ይኸው አዋጅ ይደነግጋል። እንግዲህ ያ ደጃፍ የማመልከቻ ደጃፍ ነው። እኛ ዝርዝር ይዘን ስንሄድ የመያዣ ደጃፍ እናደርገዋለን ማለት ነው።

ደግሞስ ወረቀት ያለውንና የሌለውን ማን ነው የሚለየው? እስቲ በእውነት እንነጋገር። ከመካከላችን የስደተኛ መታወቂያ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የጥገኝነት ጠያቂ ደብዳቤና ያለፈበት ቪዛ ለይቶ የሚያውቅ አባል ካለ እጁን ያውጣ። ነገሩ ለባለሥልጣኖቹም ቀላል አይደለም። በ2002 ኤርትራውያን ስደተኞች ራሳቸውን የሚችሉ ወይም ዋስ የሚሆናቸው ዘመድ ያላቸው ከሆነ ከካምፕ ውጭ እንዲኖሩ ተፈቀደ፤ ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ የመጡት በዚህ ፈቃድ ነው። በጥር 2012 ገደማ ደግሞ ኤርትራውያን በጅምላ እንደ ስደተኛ የሚታወቁበት አሠራር ቀረ። በጥቅምት 2013 ጦርነት ሲነሣ በትግራይ የነበሩት የሽመልባና የሕጻጽ ካምፖች ወደሙ፤ ከዚያ የተረፉት ሰዎች መታወቂያቸው የተቃጠለ፣ የጠፋ፣ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ እኛ ዘንድ ደረሱ። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲጀመርም ሌሎች መጡ። በኋላ ላይ ለስደተኞችም የፋይዳ ቁጥር መስጠት ተጀመረ። እንግዲህ አንዱ ሰው ሦስት ዓይነት ወረቀት ሊኖረው ይችላል፤ ሌላው በሕግ ስደተኛ ሆኖ አንድም ላይኖረው ይችላል። መታወቂያ ጊዜው ቢያልፍበት ሰውየው ስደተኛ መሆኑ አብሮ አያልፍም። ይህን ሁሉ የእኛ ዘበኛ በባትሪ እያበራ ሊመረምር ነው?

በወረቀት ስህተት የሚመጣው ቅጣትም ትንሽ አይደለም። በሰኔ 2015 በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን በአጭር ቀናት ውስጥ ተይዘው ወደ ኤርትራ ተመልሰዋል መባሉን ተከትሎ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች በሐምሌ ወር ድርጊቱ እንዲቆም በይፋ ጠይቀዋል። የአንድ ሰው ስም በእኛ ደብተር ላይ ሲጻፍ የሚጀምረው መንገድ እዚያ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ደብተሩን የያዘው ሰው ግን እዚሁ ሰፈር ሻዩን እየጠጣ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ሽማግሌዎቻችን በስብሰባው ላይ መሬት መሬቱን ያዩበት ምክንያት እሱ ነውና።

ግንቦት 1990 በባድመ ምክንያት ጦርነት ተነሣ። ከሰኔ ወር ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ኤርትራውያን ወይም የኤርትራ ተወላጆች ናቸው የተባሉ ሰዎች ከየቤታቸው፣ ከየሥራ ቦታቸው እየተያዙ በአውቶቡስ ወደ ድንበር ተወሰዱ። ብዙዎቹ እዚሁ የተወለዱ ነበሩ። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የቀበሌ መታወቂያ የያዙ ነበሩ። በሚያዝያ 1985 በተደረገው የኤርትራ ሪፈረንደም ድምፅ መስጠታቸው በኋላ እንደ ማስረጃ ተቆጠረባቸው፤ ድምፁን በሰጡበት ጊዜ ግን ዜግነትህ ይቀራል ያላቸው አልነበረም። በነሐሴ 1991 ደግሞ የቀሩት እንደ ውጭ አገር ሰው ተመዝግበው የመኖሪያ ፈቃድ እንዲያወጡ ታዘዙ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥር 1995 ባወጣው ሪፖርት በጦርነቱ ዘመን ከኢትዮጵያ የተባረሩትን ወደ 75,000 ገደማ አድርጎ ገምቷቸዋል። በጊዜው የነበረው ሕገ መንግሥት ያው የዛሬው ነበር፤ አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይገፈፍ ይናገር ነበር።

አቃቂ የፋብሪካ ሠፈር ነው፤ ቃሊቲ የከባድ መኪና ሠፈር ነው። ሸማኔውም፣ መካኒኩም፣ ሾፌሩም ከየትም የመጣ ነበር፤ ማን ከየት እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የሚጠየቀው ፈረቃህ የቀን ነው የሌሊት የሚለው ነበር። እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ ማን ኤርትራዊ እንደሆነ ከመሥሪያ ቤት መጥቶ ሊያውቅ የሚችል ሰው የለም። የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ይህን ስንጽፍ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሞተዋል፤ አንዳንዶቹም ተገደው ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እናት ግን አንዲት ጎረቤታቸው በሌሊት ስትወሰድ የሰጠቻቸውን የሲንጀር ልብስ ስፌት መኪና በአልጋ ሥር ሃያ ዓመት አስቀምጠውታል። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አውጥተው ዘይት ይቀቡታል። ሐምሌ 2010 ላይ ሰላም ወርዶ አውሮፕላን ወደ አሥመራ ሲበር የሴትዮዋ ልጅ መጣች። እናትየዋ አርፈዋል። ልጅቱ መኪናውን አየችው፤ ነካችው፤ ሳትወስደው ሄደች። አሁንም አልጋው ሥር ነው።

ጉዳዩ በሔግ በተቋቋመው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሣ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ውሳኔ ተሰጠበት። ውሳኔው ለሁለቱም ወገን አላደላም። ኤርትራ በኢትዮጵያውያን ላይ ለፈጸመችው በደል በበኩሏ ተጠያቂ ተደርጋለች። ኢትዮጵያን በተመለከተም ኮሚሽኑ ሁሉንም ስደት በአንድ ላይ ሕገ ወጥ አላለውም። በማዕከል ደረጃ በነበረው የደኅንነት ኮሚቴ አማካይነት ማንነታቸው እየተጣራ የተባረሩትን ጥምር ዜጎች ጉዳይ፣ ከባድ ቢሆንም በጦርነት ሕግ የሚፈቀድ ነው ብሎ አልፎታል። ኢትዮጵያን ተጠያቂ ካደረገባቸው ነገሮች አንዱ ግን፣ ልብ በሉ፣ የአካባቢ ባለሥልጣናት ቁጥራቸው በትክክል ያልታወቀ፣ ነገር ግን ብዙ የሆኑ ጥምር ዜጎችን በግድ ወደ ኤርትራ እንዲያባርሩ መፍቀዷ ነው። ለምን እንደተባረሩም ኮሚሽኑ ምክንያቱን ሊያገኝ አልቻለም።

ይህን አንቀጽ ስናነብ ደንገጥ ብለናል። የአካባቢ ባለሥልጣን ማለት ሩቅ አይደለም፤ እኛው ነን። ምክንያቱ ያልተገኘውም ስላልተጻፈ ነው። አንዱ ቂም ነበረበት፤ አንዱ የቤት ኪራይ ዕዳ ነበረበት፤ አንዱ ግቢውን ፈልጎት ነበር። ይህን ሁሉ ማን ጽፎ ያስቀምጠዋል? ማዕከሉ ጥሩ ሠራም መጥፎ ሠራ ቢያንስ መዝገብ ነበረው። ከታች የነበረው ግን ጥቆማ ብቻ ነበር።

ኧረ ወደ ኋላ ብዙ መሄድም አያስፈልግም። በጥቅምት 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ በአዲስ አበባ የተካሄደው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጾ ነበር። ትግርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ ኤርትራዊ አይደለም፤ ኤርትራዊ ሁሉ ወረቀት የሌለው አይደለም፤ ወረቀት የሌለው ሁሉም ወንጀለኛ አይደለም። ቤት ለቤት የሚዞር ወጣት ግን በሩን ሲያንኳኳ የሚሰማው ወረቀት አይደለም፤ የሚሰማው ቋንቋ ነው።

በዚህ ጉዳይ እኛ ኢትዮጵያውያን በሌላው ወገን ቆመንም እናውቃለን። በ2006 ጥቅምት መጨረሻ የሳውዲ መንግሥት ለወረቀት አልባ ሠራተኞች የሰጠው የምሕረት ጊዜ ሲያበቃ፣ በሪያድ መንፉሓ በሚባለው ሰፈር የሆነውን የማያስታውስ ቤተሰብ በአቃቂ አለ? ፖሊስ ሕጉን ላስከብር ብሎ ሲገባ የሰፈሩ ጎረምሳ ዱላና ስለት ይዞ ተከተለው። ሰዎች ተገደሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ባዶ እግራቸውን በቦሌ ሲወርዱ አይተናል፤ ለአንዳንዶቹ ነጠላ አልብሰን የተቀበልናቸው እኛው ነን። ያኔ ልጆቻችን ሲመለሱ ከፖሊሱ ይልቅ በምሬት የሚያነሡት ሱቅ ያዥውን፣ የታክሲ ሾፌሩን፣ ፎቅ ላይ ሆኖ ያሳይ የነበረውን ጎረቤት ነበር።

ዘመድ አሜሪካ ያለው አባልም ሰሞኑን በስልክ የሚሰማው ወሬ ይህንኑ ነው። እዚያ በፈረንጆች 1996 የወጣ ሕግ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ጂ የሚሉት፣ የከተማና የወረዳ ፖሊስ ፈቃደኛ ሲሆን ከፌዴራሉ ኢሚግሬሽን ጋር ውል ገብቶ ሥራውን እንዲያግዝ ይፈቅዳል። የሚፈርም ከተማ አለ፤ አልፈርምም የሚልም አለ። አልፈርምም የሚሉት የፖሊስ አዛዦች የሚያቀርቡት ምክንያት እኛ ስለ ተነጠቀችው ልጅ ከጻፍነው ብዙም አይለይም፤ ሰው ከፈራን ወንጀል አይነግረንም ይላሉ።

አንድ ነገር ደግሞ በጆሮ በጆሮ የሚወራ ስለሆነ እዚህ እንጻፈው። ዝርዝር ይዘጋጃል የሚለው ወሬ ከተሰማ ወዲህ ተከራያቸውን «ወይ ሁለት ሺህ ጨምሪ፣ ወይ ስምሽን አስገባዋለሁ» ያሉ አከራይ አሉ። «እኔ ከጣቢያው ሰው ጋር እነጋገርልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የተቀበለ ደላላም አለ። ዝርዝሩ ገና ሳይጻፍ ገበያ ወጥቷል። ስም አንጠራም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ስለዚህ ምን ይደረግ ለሚል፣ የምናቀርበው ይህ ነው። ወንጀል ያየ ሰው ወንጀሉን ያመልክት፤ ሰው የቆለፈ ደላላ ካለ ደላላውን እንጠቁም፤ በዚህ ማንም ወደ ኋላ አይበል። አከራይ ሁሉ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉን በጽሑፍ አድርጎ ወረዳ ያስመዝግብ፤ ይህ ለአከራዩም ለተከራዩም መከታ ነው፤ መንግሥት ማወቅ የሚገባውንም በሕጋዊው መንገድ ያውቀዋል። ፖሊስ ወይም ኢሚግሬሽን በሕግ መጥቶ በር ሲያንኳኳ አንዋሽም፤ አንደብቅም፤ እንቅፋትም አንሆንም። ነገር ግን ቤት ለመፈተሽ በመደበኛው ጊዜ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋልና በትሕትና እንጠይቃለን። የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረውና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ያዛል፤ ይህ ኢትዮጵያዊ ለሆነ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ከኮሚቴው ሁለት ሽማግሌ ሰውየው ወዴት እንደተወሰደ ጠይቀው ለቤተሰቡ ቢነግሩ፣ ስደተኛ ከሆነም ለስደተኞች መሥሪያ ቤቱ ቢያስታውቁ የሚቆጣ ባለሥልጣን ይኖራል ብለን አናምንም። የሌሊት ጥበቃዎቻችን ደግሞ ሌባ ይጠብቁ፤ የምንከፍላቸው ለዚያ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የማንንም መታወቂያ እንዳይጠይቁ በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍ እንጠይቃለን።

ስብሰባው በመጪው እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በእድሩ አዳራሽ ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት አባላችን መጀመሪያ እንዲናገሩ ተስማምተናል። ተከራዮችም ገብተው እንዲሰሙ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው ገና አልተወሰነም፤ እኛ ይፈቀድ ባዮች ነን።

የሱቁን ጉዳይ በተመለከተ፣ ልጅቱ ከሱቁ ባለቤት ጋር ሄዳ ስለ ጎረምሶቹ ቃሏን እንድትሰጥ፣ አከራይዋና ሁለት ሽማግሌዎችም አብረዋት ጣቢያ እንዲገቡ ሐሳብ ቀርቦላት ነበር። እስከ ዛሬ ጧት ድረስ እሺ አላለችም።